ከአጥር ወዲያ ያለው ሐቅ

(በክረምት መግቢያ በሬዲዮ የቤተሰብ ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ዛሬ የማነሳላችሁ የጓሮ ነገር ነው። «ስንት የሚነገር የዲን ጉዳይ እያለ ስለ ጎመንና ድንች ይወራል ወይ?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ ግን ጎመኑም ድንቹም ከዲናችን የማይርቅ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ፤ ኢንሻአላህ።

ጊዜው ግንቦት ነው። እዚህ ደብረ ታቦር ከሰዓት በኋላ ሰማዩ መጠቋቆር፣ ጉናም ራሱን በደመና መሸፈን ጀምሯል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። የዓመቱ ዝናባችን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ዝናቡ አንዴ ከገባ ጓሮው ሁሉ ጭቃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መቆፈርም መደብ ማውጣትም አይመችም። ስለዚህ የጓሮ ነገር የሚወሰነው አሁን፣ በእነዚህ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው። በግንቦት መሠራት ያለበትን ከነገርኳችሁ በኋላ፣ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት እናገራለሁ። የዛሬው ንግግሬ ዋና ቁም ነገርም እሱ ነው።

ጓሮ ሰደቃ ነው

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወይም ከዘራው ዘር ወፍም ሆነ ሰው፣ እንስሳም ቢሆን ቢበላለት፣ ለርሱ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ልብ በሉ፣ ሐዲሱ ሰፊ ማሳ ያለውን ገበሬ ብቻ ለይቶ አልጠቀሰም። ከማድ ቤቷ ጀርባ አንድ መደብ ጎመን ያላት እናትም ትገባበታለች። በአጥሩ ጥግ ጤና አዳምና በሶብላ የተከለ ሽማግሌም ይገባበታል።

በሌላ ሐዲስም፣ የትንሣኤ ቀን ቢመጣና በአንዳችን እጅ ችግኝ ቢኖር፣ መትከል ከቻልን እንድንተክለው ታዘናል። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ፍሬውን ማን ይበላዋል ብለን ሳንሰላ የእጃችንን ሥራ እንድንሠራ ያዘናል።

ከአጅሩ ሌላ የዱንያ ጥቅሙም ግልጽ ነው። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያም ሲወደድ፣ የጓሮን ዋጋ ሁላችንም አይተነዋል። ገበያ ወርደን በብር የምንገዛው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት እዚሁ ደጋችን ላይ የሚበቅል ነው። ድንችና እንጀራ ብቻ ለሚበላ ልጅ አንድ ጭልፋ ጎመን ወይም ካሮት ለዓይኑም ለአካሉም ትልቅ ነገር ነው።

በግንቦት የሚሠራ ሥራ

መጀመሪያ አፈሩን እናዘጋጅ። አሁን የሚጨመረው የቆየና የተብላላ ፍግ ነው። ዛሬ ከበረት የወጣ እርጥብ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ትልም ይጠራል። የተብላላ ፍግ ጥቁርና ፍርፍር የሚል ነው፤ ሽታውም የፍግ ሳይሆን የዝናብ አፈር ሽታ ነው። ለከርሞ የሚሆነውን ደግሞ ከአሁኑ መከመር ይቻላል፦ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ የአትክልት ልጣጭና አረም፣ ፍግ፣ ጥቂት አመድ፤ እንዲህ በየተራ እየደራረቡ፣ ከጎርፍና ከፀሐይ ከልለው፣ በየሦስት ሳምንቱ ያገላብጡታል። በሦስት በአራት ወር ውስጥ ይደርሳል።

ሁለተኛው መደብ ማውጣት ነው። የእኛ ክረምት ውሃ ይበዛበታልና መደቡ ከመሬት ከፍ ይበል፤ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል። ወርዱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ በሁለቱም ጎን ቆመን እጃችን መሐሉ ድረስ ሊደርስ ይገባል። አፈሩ የሚላላው ስለማይረገጥ ነው። ልጆች መደቡ ላይ እንዳይወጡ፣ በመሐል ባለው መንገድ ብቻ እንዲሄዱ አስለምዷቸው።

ሦስተኛው ችግኝ ነው። የጎመንና የሰላጣ ዘር አሁን በትንሽ መደብ ላይ ተዘርቶ፣ በሣር ተሸፍኖ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ሲበቅል ሣሩ ይነሣል። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ደመና በሆነበት ቀን ወይም ወደ ማታ ላይ ይዛወራል። ካሮት ግን መዛወር አይወድም፤ እዚያው በሚያድግበት መደብ ይዘራና ሲበዛ ይሳሳል።

«ውሃ ከየት እናምጣ? ቧንቧው በሳምንት ስንቴ ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። የውዱእ ውሃችንን እናስብ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ መስፈሪያ ነው። አምስት ሰው ባለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ በአንድ አንድ ሊትር ውሃ ውዱእ ቢያደርግ 25 ሊትር ይሆናል። አንድ ትልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ሳሙና የሌለበት ውሃ ስለሆነ በሳፋ ተቀብለን ብናፈሰው ለችግኝ ይስማማል። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ የችግኝ መደባችንን በዚህ ማቆየት እንችላለን።

አራተኛው ድንች ነው። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ያለ ድንች የደቡብ ጎንደርን ክረምት ማሰብ ይከብዳል። ለዘር የሚሆነው የእንቁላል መጠን ያለው፣ ቁስልና ብስባሽ የሌለበት ነው። ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግን ብርሃን ባለበት ቦታ ዘርግተነው አጠርና ወፈር ያለ ጎንቁል ሲያወጣ ይተከላል። በመስመርና በመስመር መሐል 75፣ በድንችና በድንች መሐል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። አንድ ስንዝር ሲያድግ አፈር እናስታቅፈው። ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው መርዝነት ስላለው ለሰው ምግብ አይሆንም።

አምስተኛውና ሁላችንም የምንረሳው ግን የውሃ መውጫ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጎርፉ ከየት መጥቶ በየት እንደሚሄድ ቆመን ማየት አለብን። የእኔም ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አካፋ ይዤ ያጠፋሁት

ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው። ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ በአጥር ብቻ ተለይተው፣ በዕድሜ የገፉ አንድ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ክርስቲያን ናቸው። ልጆቻችንን በልጅነታቸው አዝለዋል፤ በዒድ ቀን ቀድመው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚሉን እሳቸው ናቸው። ጓሯቸው ከአንድ ክፍል ቤት ስፋት አይበልጥም፤ ግማሹ ድንች፣ ግማሹ ጎመን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ከሱብሒ በኋላ ወደ ጓሮ ብወጣ ድንቼ በውሃ ተውጧል። ድንች ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ይህን አውቃለሁ። አካፋ አነሣሁና ዝቅ ወዳለው ጥግ ቦይ ቀደድሁለት። ውሃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ ሲወርድ እያየሁ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ገባሁ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። ክረምቱን ሙሉ ቦዩ በዘጋ ቁጥር እየከፈትሁ ቆየሁ።

ነሐሴ ላይ ድንቹ ደረሰ። ያማረ ድንች ነበር። ባለቤቴ አንድ ሳፋ ሞልታ «ለእማማ አድርሺ» ብላ ልጃችንን ላከቻት። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ከሥጋና ከወተት የሚርቁበት፣ ድንችና ጎመን የቤት ወጥ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ልጄ ባዶውን ሳፋ ይዛ ተመለሰችና «አባዬ፣ እማማ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብለዋል። ግን የእሳቸው ድንች የለም እኮ። ጓሯቸው ሁሉ ረግረግ ሆኗል» አለችኝ።

ወጥቼ በአጥሩ ላይ ተመለከትሁ። ቦዬ የጨረሰው በትክክል የእሳቸው መደብ ላይ ነው። ድንቹ በስብሷል፤ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት፣ «እንግዲያስ ድንቹን ስጦታ ነው ብለህ አትስጣቸው፤ የራሳቸውን ነው የምትመልስላቸው» አለችኝ። ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። እኔ ሰደቃ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ካበላሸሁት ሐቅ ላይ ጥቂቱን ቆንጥሬ ኖሯል የላክሁት።

በማግስቱ ሁለታችንም ሄድን። «እማማ፣ ውሃውን የለቀቅሁብዎ እኔ ነኝ፤ አፉ ይበሉኝ» አልኋቸው። «ዝናብ ነው ብዬ ነበር» አሉ መጀመሪያ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ውሃ መንገድ ካላሳዩት ሰው ቤት ይገባል» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ከምርቱ ግማሹን ወሰድንላቸው፤ ለከርሞም ዘር ድንች አብረን መረጥን። በሚቀጥለው ግንቦት፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ በእኛ አጥር ውስጥ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሬ እስከ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ አደረስሁት። መንገድ ላይ ውሃው እንዲያርፍና ደለሉን እንዲጥል ሁለት ጉድጓድ አበጀሁለት። ደለሉን በበጋ አውጥቼ መደቤ ላይ መለስሁት።

የዳውድና የሱለይማን ፍርድ

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አንቢያእ ውስጥ፣ የሰዎች ፍየሎች በሌሊት ገብተው ስላበላሹት እርሻ ነቢዩ ዳውድና ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) የሰጡት ፍርድ ተወስቷል። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት፣ ሱለይማን የፈረዱት እንዲህ ነው፦ የመንጋው ባለቤት የተበላሸውን እርሻ ተረክቦ እንደ ቀድሞው እስኪሆን ያለማዋል፤ እስከዚያው ባለ እርሻው በመንጋው ወተትና ጥቅም ይገለገላል። እርሻው ሲድን ሁሉም የየራሱን ይረከባል።

ከዚህ ፍርድ ብዙ እንማራለን። ያበላሸ ሰው «አውቄ አይደለም» ብሎ ብቻ አይሰናበትም። ይቅርታ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ የተበላሸውን መመለስ ደግሞ ሌላ ነው። ዲናችን መጉዳትንም፣ ጉዳትን በጉዳት መመለስንም ከልክሏል። ጎረቤቱ ከክፋቱ የማይድንለት ሰው ኢማኑ ጎደሎ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው አስጠንቅቀዋል።

ይህ ሐቅ የሙስሊም ጎረቤት ብቻ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ፣ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተልኮለት እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁ እንደነበር ተዘግቧል። ምክንያታቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ጎረቤት አደራ ያሉትን መስማታቸው ነበር።

አጥር የማይመልሳቸው ነገሮች

ወገኖቼ፣ አጥራችን ሰው ይመልስ ይሆናል እንጂ የማይመልሳቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛው ውሃ ነው። ከሰፈራችን የወጣው ጎርፍም ጎረቤት ጋ አያበቃም። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አድርገው ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ተጥለቅልቀው ስንቱ ቤቱን ለቆ እንደተሰደደ እናስታውሳለን። ያን ጎርፍ አንድ የጓሮ ቦይ አመጣው አልልም። ነገር ግን ደጋው ውሃውን ባዘገየ መጠን፣ አፈሩንም ባስቀረ መጠን፣ ቆላው ያርፋል።

ሁለተኛው በሽታ ነው። በክረምት ብርድና እርጥበት ሲበዛ በድንች ቅጠል ላይ ውሃ የያዘ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ በማለዳ ቅጠሉን ብትገለብጡት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ይህ በሽታ በነፋስና በዝናብ ከጓሮ ጓሮ ይሻገራል። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአየርላንድ የደረሰውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የጨረሰው ረሃብ የተነሣው በዚሁ የድንች በሽታ ነበር። ሕዝቡ በአንድ ሰብል፣ ያውም በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ዘር ላይ መመካቱ ጉዳቱን አበረታው። ስለዚህ ከድንች ሌላ ጎመኑንም ነጭ ሽንኩርቱንም እንቀላቅል። የአዴት ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ጓሳና ዘንገናን፣ ከሆለታ የወጡትን ጉደኔና በለጠን የመሰሉ፣ በሽታ ለመቋቋም ተመርጠው የወጡ ዘሮች ስለሚገኙበት ሁኔታ የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ። ነጠብጣቡን ያየን ቀን የታመመውን ቆርጠን እንቅበር፤ ቀጥለን ሳናፍር ለጎረቤት እንንገር። «ድንቼ ታሟል፣ የእናንተንም እዩት» ማለት ሰደቃ ነው።

ሦስተኛው እንስሳ ነው። ዶሮ የራሷ ባለቤት ጓሮ አይጥማትም፤ የሰው ችግኝ ነው የምትጭረው። ችግኝ እስኪጠና ድረስ ለአንድ ወር ብንዘጋባት ስንት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር!

አራተኛው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በአጥር ጥግ ስንተክል ጥላው የማን መደብ ላይ እንደሚያርፍ፣ ሥሩስ የማንን ውሃ እንደሚጠጣ አስቀድመን እንይ። ሰላሳ ዓመት የሚቆም ነገር ከመተከሉ በፊት ጎረቤትን ማማከር አንድ ስኒ ቡና ከማፍላት በላይ አያስወጣም።

በዚህ ሳምንት የሚሠራ

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ይህን ፕሮግራም ሰምታችሁ ስታበቁ አንድ ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ዝናብ ሳይጥል ወደ ጓሯችሁ ውጡ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። ከፍ ካለው ጥግ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱና በየት እንደሚሄድ ተከተሉት። አጥሩ ጋ ሲደርስ አትመለሱ፤ የጎረቤትን በር አንኳኩና ከወዲያ በኩል ያለውን አብራችሁ እዩ። ቦይ የሚያስፈልግ ከሆነ አብራችሁ ቆፍሩ።

ባለፈው ክረምት ያበላሻችሁት ካለም ዘሩ ሳይዘራ አሁኑኑ ካሱ። እኔ የጎረቤቴን ጓሮ ያየሁት ልጄ ሳፋ ይዛ ከሄደች በኋላ ነው። እናንተ ሳፋውን ከመሙላታችሁ በፊት እዩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ክረምቱን የራሕመት ዝናብ ያድርግልን። ከበረዶና ከጎርፍ ይጠብቀን። ለአገራችን ሰላም፣ ለቤታችን በረካ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር መተዛዘን ይስጠን። ሳናውቅ የወሰድነውን ሐቅ በሕይወት ሳለን የምንመልስ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።